የቆየ የጸሎት አዳራሽን የተማሪዎች ቴአትር ቤት ማድረግ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

የተማሪ ቴአትር ቡድን ሲፈርስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በተዋንያኑ ላይ ይላከካል። እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ የተቀመጠ ሰው ቃል አይለይም። በመሃል ብሬከር ይወርዳል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጥና አንድ ሙሉ ትዕይንት ይጠፋል። ይህ ሁሉ ታልፎ ደግሞ ባለቤቱ "ልጆች፣ አዳራሹን ፈልጌዋለሁ" ይላል። አራቱም ችግር የሚመጣው ከቤቱ ነው። ስለዚህ ተውኔት ከመምረጣችሁ በፊት ቤቱን ጨርሱ። መመሪያውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የተጻፈው።

እዚህ የምናወራው ምእመናኑ አዲስ ሕንፃ ሠርተው ስለለቀቁት የጸሎት አዳራሽ ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት ከፍ ያለ የስብከት መድረክ ያለው ዓይነት። ታቦት የገባበት ቤተ ክርስቲያን ግን ከነጭራሹ አይታሰብም። አገልግሎት ቢቋረጥበትም ቦታው የተቀደሰ ነው። መስጊድም እንደዚሁ። ጥያቄውን እንኳ አታንሱ።

## ደረጃ 1፦ ሳትከራዩ ፈትሹ

ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ አመሻሽ ላይ። ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔና ደብተር ያዙ።

1. በሮቹን ቁጠሩ። ቢያንስ ሁለት መውጫ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከስብከት መድረኩ ጎን ትንሽ በር አለች፤ ግን ዕቃ ተከምሮባታል ወይ ቁልፏ ጠፍቷል። ያቺ በር ካልተከፈተች አዳራሹን አትውሰዱ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ካለም ወደ ውጭ እንዲዞር ባለቤቱን ጠይቁ። ሰው ሲደነግጥ ወደ በሩ ይገፋል። ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር ያን ጊዜ አይከፈትም።

2. ጣሪያውን እዩ። በቀን በርና መስኮቱን ዝጉና ቀና በሉ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያስገባል። ከየቀዳዳው በታች ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። እዚያ መብራትም፣ ስፒከርም፣ ወንበርም አይቀመጥም።

3. ወለሉን ለኩ። ለምሳሌ አዳራሹ 12 በ8 ሜትር ቢሆን፦ ከ12ቱ ሜትር 4ቱን መድረኩ ይወስዳል። ከመድረኩ ፊት 1 ሜትር ባዶ ትተዋላችሁ። ቀሪው 7 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ርቀት 7 ረድፍ ይይዛል። ከ8ቱ ሜትር ወርድ ላይ የመሃል መተላለፊያውንና የግድግዳ ዳሩን ስትቀንሱ 6 ሜትር አግዳሚ ወንበር ይቀራል። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ከሰጣችሁ በረድፍ 12 ሰው ነው። በድምሩ 84 ሰው ማለት ነው። ከ84 ትኬት በላይ አትሽጡ። "ቆመን እናያለን" የሚል ወዳጅ ይመጣል፤ እሱንም በሚቀጥለው እሑድ ጋብዙት።

4. ቆጣሪውንና ብሬከሩን ተመልከቱ። ብሬከሩ ላይ 10፣ 16 ወይም 20 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ጻፉት። በደረጃ 6 ትፈልጉታላችሁ።

5. አጨብጭቡ። አንድ ሰው የስብከት መድረኩ ላይ ቆሞ አንዴ ብቻ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ሌላው መጨረሻው ረድፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። ጭብጨባው "ጧ" ብሎ ከቆመ ጥሩ። "ጧ...ኣ...ኣ..." እያለ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተጎተተ ግን በደረጃ 4 ብዙ ሥራ ይጠብቃችኋል። ቤቱን ለመተው ምክንያት አይደለም። ሥራውን ግን አስቡበት።

## ደረጃ 2፦ ውል፣ ደብዳቤ፣ ጎረቤት

በቃል ብቻ አትግቡ። ሰውየው ደግ ቢሆኑም፣ የጓደኛችሁ አባት ቢሆኑም ተፈራረሙ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ተማሪ ውል ስለማይፈርም የክበቡ ተጠሪ መምህር ይፈርሙ። ውሉ ላይ እነዚህ ይግቡ፦

- ኪራዩና ዘመኑ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይሁን።
- መብራትና ውሃ የሚከፍለው ማን ነው?
- አዳራሹ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ቢፈለግ ስንት ቀን ቀድመው ይነግሯችኋል?
- ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ይቻላል ወይስ አይቻልም? (አይቻልም እንደተባለ አድርጋችሁ ሥሩ።)
- ቁልፍ የሚይዙት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?
- በዚህ ቤት ውስጥ የማይታይ ነገር አለ ወይ? መጠጥ፣ ሲጋራ፣ አለባበስ፣ የሃይማኖት ነገር። ይህን አሁን ካልጠየቃችሁ በትርዒቱ ዋዜማ ትሰሙታላችሁ።

ግድግዳው ላይ የተጻፈ ጥቅስ ወይም መስቀል ካለ ቀለም አትቀቡበት። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ትርዒቱ ሲያልቅ ግለጡት። ለምእመናኑ ያ ግድግዳ የተዳሩበት፣ ልጅ ያስባረኩበት ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ይሂድ፤ ግልባጩ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ። የተውኔቱን ጽሑፍ አንድ ቅጂ አብራችሁ ያዙ። ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ የሆነበት ሳምንት አይጠፋም።

የሌላ ሰው ተውኔት ከሆነ የደራሲውን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ፣ ወራሾቹን ደግሞ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። "ለትምህርት ነው" ማለት ትኬት ከተሸጠ በኋላ አያዋጣም።

ጎረቤቱን ደግሞ በእግራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። የደሴ ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ተጋርቶ የሚኖርበት ነው። አዳራሹ "ቸርች" ተብሎ ስለሚታወቅ ሙስሊም ጎረቤት ቢጋበዝም መግባት ሊከብደው ይችላል። ሼሁንም ቄሱንም የዕድሩን ሊቀ መንበርም ቀድማችሁ ጋብዟቸው። ግቢ በራፍ ላይ "የተማሪዎች ቴአትር" የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይሰቀል። የጥበቃው አባባም ከዚህ አይቀሩም። ማን መቼ እንደሚገባ ስማችሁን ጽፋችሁ ስጧቸው። ልምምድ ባመሸ ቁጥር ከእሳቸው ጋር የምትጨቃጨቁ ከሆነ ቡድኑ አይቆይም።

## ደረጃ 3፦ ቀንና ሰዓት ምረጡ

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት የዝናብ ወቅት አይወድም። ሐምሌና ነሐሴን ተዉ። የወሎ በልግም አለ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ካረፈ ተውኔታችሁ አደጋ ላይ ነው። አስተማማኙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ብርዱን ትቋቋሙታላችሁ።

የፈተና ሰሌዳውን ከበዓል ቀን መቁጠሪያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ያምናውን አትገልብጡ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካላችሁ ከግንቦት ጀምሮ ትልቅ ገጸ ባሕርይ አትስጡት።

ደሴ ላይ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩ፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም አልቋል፤ የዐስር ሶላትም ገና መድረሱ ነው። ተመልካቹ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤቱ ይገባል። መብራት ቢሄድም ጨለማ አይውጣችሁም።

ኮምቦልቻ ግን 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል በ8 ሰዓት ቆርቆሮው ይግላል። ውስጡ ያፍናል። ደመና ሲሸፍነውና ሲገልጠውም ቆርቆሮው "ጧ ጧ" እያለ ቃለ ተውኔቱን ያቋርጣል። እዚያ 10 ሰዓት ጀምራችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፤ ከዐስር በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ይውላል።

ዝናብ በመሃል ከወረደ፦ አትጩኹ። የቆርቆሮ ላይ ዝናብን በጉሮሮ ያሸነፈ የለም። ጽሑፉ ላይ ከልምምድ ጀምሮ ሦስት የማቆሚያ ቦታዎችን ምልክት አድርጉ። ዝናቡ ሲበረታ ተዋንያኑ እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ያደርሱና ባሉበት ይቀመጣሉ። ክራር ወይም ዋሽንት ይዞ የተዘጋጀ ልጅ ወደ መድረኩ ጫፍ ይመጣል። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ይጫወት። ዝናቡ ሲቀንስ ከማቆሚያው አንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቀጥሉ።

## ደረጃ 4፦ አዳራሹን አፉን አስያዙት

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

የጸሎት አዳራሽ ለዝማሬ ይስማማል። መቶ ሰው አብሮ ሲዘምር ድምፁ እርስ በርሱ መደጋገፉ ያምራል። አንድ ሰው ሲናገር ግን ያው ግድግዳ የመጀመሪያውን ቃል መልሶ በሁለተኛው ቃል ላይ ይጥለዋል። መፍትሔው ማይክ ይመስላል። አይደለም። በሚያስተጋባ ቤት ስፒከር ሲጨመር የሚያስተጋባው ነው የሚጨምረው።

1. ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ ሸፍኑ። ድምፁን ወደ ተዋናዩ የሚመልሰው እሱ ነው። ወፍራም ጨርቅ ያስፈልጋል። ስስ አቡጀዴ ምንም አያደርግም። ከየቤታችሁ ባና ተዋሱ። የሱፍ ባና ድምፅ ይውጣል፤ እሳትም እንደ ጥጥ ቶሎ አይዘውም።

2. ባናውን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ይንጠልጠል። ከኋላው አየር ሲኖር የበለጠ ይሠራል። ከማእዘን ማእዘን በአጣና ላይ አስሩት፤ አጣናው በቋሚ ላይ ይቁም። ምስማር የለም።

3. መተላለፊያው ላይና መድረኩ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። የጫማ ኳኳታም ይቀንሳል።

4. እንደገና አጨብጭቡ። አሁንም ከተጎተተ አንዱን የጎን ግድግዳ ጨምሩ። ሁለቱንም ጎን ሙሉ በሙሉ አታልብሱ፤ ድምፁ ይታፈንና ኋላ አይደርስም።

የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ አሉ። ተዉት። ለንግግር የሚያደርገው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እሳት ከነካው ግን እንደ ጭድ ነው የሚነድደው።

### ተዋናዩ ምን ያድርግ?

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ተዋናይ ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱን ተመልከቱ። አንዲት ልጅ "ትናንት ከሐይቅ የመጣውን ሰውዬ እኔ በዓይኔ አላየሁትም" ትላለች። "በዓይኔ" ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። "አላየሁትም" ወደ ደረቷ ይወርዳል። ኋላ ያለው ሰው "...የሁትም" ብቻ ይሰማና አየችው ወይስ አላየችው ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ ሲመልስለት ሁለቱም ቀጣዩን መስመር ያጣሉ።

ስለዚህ እንዲህ አለማምዱ፦ አዘጋጁ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥ። ተዋናዩ መስመሩን ይበል። አዘጋጁ ግሡን ብቻ ይድገም። መድገም ካልቻለ ተዋናዩ እንደገና ይላል። ፍጥነትም ይቀንስ። ቤቱ ካስተጋባ ከዐረፍተ ነገር ወደ ዐረፍተ ነገር ስትሻገሩ ግማሽ ትንፋሽ ጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወሎ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ የአዲስ አበባ ዜና አንባቢ ለመምሰል አይታገል። ገጸ ባሕርይው የሰኞ ገበያ ነጋዴ ከሆነ እንደ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ይናገር። "አብሽር" ሲል አዳራሹ ራሱ ዘና ይላል።

## ደረጃ 5፦ መድረኩን ሥሩ

የስብከት መድረኩ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሰባኪ ቆሞ ስለሚናገር ይበቃዋል። ተዋናይ ግን ይቀመጣል፣ ይወድቃል፣ ይተኛል። ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ አይታይም። ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር አድርሱት።

1. 1 በ2 ሜትር የሆኑ የእንጨት ፍሬሞች አሠሩ። ለ6 በ4 ሜትር መድረክ 12 ፍሬም ይበቃል።
2. ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይልበስ። ከሥሩ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተሸካሚ እንጨት ይግባ።
3. እግሮቹን በማገር አያይዙ። ወደ ታች ጠንካራ ሆኖ ወደ ጎን የሚወላገድ መድረክ ነው ሰው የሚጥለው።
4. ፍሬሞቹን እርስ በርስ በብሎን እሰሩ። በምስማር ከመታችሁት አዳራሹ ለሠርግ ሲፈለግ ማንሳት አትችሉም።
5. አምስት ሰው ወጥቶ አብሮ ይዝለል። ከተንጫጫ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ከተወዛወዘ ማገር ጨምሩ። ይህ ሳይሆን ልምምድ የለም።
6. ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ተዋናይ የሚወድቀው እዚያ ነው።

መስኮቶቹን በድርብ ጥቁር ጨርቅ ጋርዱ፤ በቀን ስለምትሠሩ ያለዚያ የመድረክ መብራታችሁ አይታይም። ጥቁር ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፣ እሳትም ይወድዳል። መውጫ በሮች ላይ መጋረጃ አይወርድም።

## ደረጃ 6፦ ኤሌክትሪክና መብራት

ቦርዱን የሚነካው ባለሙያ ብቻ ነው። "እኔ ቤት ሠርቼ አውቃለሁ" የሚል ልጅ አይነካም። ደሴ ላይ ከወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የኤሌክትሪክ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ብትጋብዙ እነሱም ይማሩበታል።

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። የብሬከሩን ቁጥር በ220 አባዙ። ባለ 16 ከሆነ 3,520 ዋት ነው። ከዚያ ላይ እስከ 2,800 ብቻ ተጠቀሙ። ስምንት ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ 400 ዋት ነው። ድምፅ ማጉያውና ላፕቶፑ 600 ቢወስዱ ድምሩ 1,000 ይሆናል። ብዙ ይተርፋችኋል። ታዲያ ብሬከሩ ለምን ይወርዳል? ከኋላ አንዱ ቡና ሊያፈላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስለሚሰካ ነው። አንድ ምድጃ ብቻውን 2,000 ዋት ሊደርስ ይችላል፤ ሁለት ከሆነ አበቃ። ቡናው ውጭ፣ በከሰል፣ በረንዳ ላይ ይፈላ።

መብራቱን እንዲህ አቁሙ፦

1. የቀለም ባልዲ ውስጥ የብረት ቱቦ አቁማችሁ ኮንክሪት ሙሉበት። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሁለት እንዲህ ያለ ቋሚ ይበቃል። ጣሪያው ላይ አትስቀሉ፤ የድሮ ማገር ምን ያህል እንደሚሸከም አታውቁም።
2. ቋሚዎቹን ከመድረኩ ፊት በግራና በቀኝ፣ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙ። ብርሃኑ በሰያፍ ከላይ ይውረድ። ከቀጥታ ፊት ለፊት ከመጣ የተዋናዩ ፊት ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ከታች ከመጣ ያስፈራል።
3. ፓውዛ ስትገዙ 3,000 ኬልቪን (ቢጫ ቀመስ ብርሃን) የሚል ምረጡ። 6,500 የሚለው ነጭ ብርሃን የጠይም ሰው ፊት አመድ ያስመስላል።
4. የገበያ ፓውዛ አብዛኛው በዲመር (ብርሃኑን ቀስ በቀስ በሚቀንስ ማብሪያ) አይሠራም፤ ይንቀጠቀጣል ወይ ይቃጠላል። በምትኩ ሁለት ሁለቱን በየማብሪያው ከፋፍሉ፤ አራት ማብሪያ ለአንድ ተውኔት በቂ ነው።
5. ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥቅል ማራዘሚያ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል። መተላለፊያ ላይ አያልፍም፤ ግድ ከሆነ በምንጣፍ ሥር ሳይሆን በፕላስተር ወለሉ ላይ ይያዝ።
6. ሁሉንም አብርታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ከዚያ ሶኬቶቹን በእጅ ጀርባ ዳስሱ። የሞቀ ሶኬት ይቀየራል።

ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሁለት ይኑር፤ አንዱ ከመድረክ ጀርባ፣ አንዱ በዋናው በር። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም። ሻማና ጧፍ መድረክ ላይ ክልክል ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ይተካው።

መብራት ከሄደ፦ ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ መብራቶች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሞልተው ይቁሙ። የሚያበሯቸው ሁለት ልጆች ሥራቸው ይህ ብቻ ነው። ተዋንያኑ እስከ አስር ቆጥረው ይቀጥላሉ። የተቀዳ ሙዚቃ ከነበረ ይቀራል፤ ክራሩ ይተካል። ይህን ቢያንስ ሁለት ጊዜ በልምምድ ላይ ሆን ብላችሁ መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩት።

ስለ ድምፅ ውጤት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተኩስ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ድንገት አትልቀቁ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ጦርነት ያዩ ከተሞች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ያ ድምፅ ሌላ ነገር የሚያስታውሳት እናት ልትኖር ትችላለች። ተውኔቱ ካስገደደ ከመጀመሩ በፊት ለተመልካቹ ተናገሩ፤ በከበሮ ምት ተኩት። የወታደር ልብስና የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር ለፖሊስ ሳታሳውቁ አታስገቡ።

## ደረጃ 7፦ ቡድኑና ልምምዱ

አዘጋጅ፣ የመድረክ አስተባባሪ፣ ገንዘብ ያዥ። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። አዘጋጁ ዋና ተዋናይም ከሆነ ከውጭ የሚያይ ዓይን የለም።

ከትርዒቱ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ይበቃል፦

- ሳምንት 1፦ ተቀምጦ ማንበብ። ማንም አይነሳም።
- ሳምንት 2 እና 3፦ የመድረክ እንቅስቃሴ። ማን ከየት ይገባል፣ የት ይቆማል።
- ሳምንት 4 እና 5፦ ጽሑፍ ከእጅ ይወጣል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ወረቀት የያዘ ሰው መድረክ ላይ አይወጣም።
- ሳምንት 6፦ ያለማቋረጥ ከዳር እስከ ዳር።
- ሳምንት 7፦ በመብራትና በድምፅ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ሰው ያኮርፋል። ለተዋንያን ሳይሆን ለማብሪያው ልጅ የተመደበ ሳምንት መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው።
- ሳምንት 8፦ በሙሉ አልባሳት፣ ትንሽ ሰው ጋብዛችሁ።

የመድረክ አስተባባሪው ደብተር ይኑረው። እያንዳንዱ ምልክት እንዲህ ይጻፍ፦ "ገጽ 14። ‘ቁልፉን ስጪኝ’ ሲል። ማብሪያ 3 ይጥፋ። ዋሽንት ይጀምር።" ይህ ደብተር ካለ አስተባባሪው ቢታመም ሌላ ሰው አንብቦ ያስኬደዋል።

ልምምድ ከ12 ሰዓት አይለፍ። ሴት ተዋንያን ከቡድን የሚወጡት ባብዛኛው ቤት ስለሚከለከሉ ነው። አዘጋጁ ራሱ ሄዶ ወላጆቻቸውን ያነጋግር፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመምህሩን ስልክ ይስጥ። እናትየው መጥተው አንድ ልምምድ ቁጭ ብለው ይዩ። ከዚያ በኋላ ቆሎ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ተዋናይ ሳምንት ሲቀረው ከጠፋ፦ ለዋና ገጸ ባሕርያት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ተተኪ ይኑር። ተተኪው በሳምንት አንዴ መድረኩ ላይ ቆሞ ይለማመድ፤ ከዳር ሆኖ ማየት ብቻውን አይበቃም። ተተኪ ከሌለ ትርዒቱን ለሌላ እሑድ አስተላልፉ። ወረቀት ይዞ መጫወት ትኬት የገዛን ሰው መናቅ ነው።

## ደረጃ 8፦ የትርዒቱ ቀን

ይህ የደሴ ሰዓት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በ10 ሰዓት ስለምትጀምሩ በዚያው ልክ አዘግዩት።

5 ሰዓት፦ ሁለቱም መውጫ በሮች ይከፈቱ፤ ቁልፉ በሩ ላይ ይሁን። መብራት ሁሉ ይሞከር። ሽንት ቤቱ ይጠረግ፣ ውሃ በባልዲ ይሞላ።

6 ሰዓት፦ ተዋንያን ምሳ ይብሉ። ጠግቦም ተርቦም መጫወት አይመችም። ቀለል ያለ ይሁን።

7 ሰዓት፦ አልባሳት። የሚሠሩበት ዕቃ ሁሉ ከመድረክ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ፣ ስሙ በተጻፈበት ቦታ ይቀመጥ።

7 ሰዓት ተኩል፦ በር ይከፈት። ሁለት ልጆች ሰው ያስቀምጡ። አዛውንቶችን ከፊት፣ ሕፃን የያዙትን ከበር አጠገብ።

8 ሰዓት፦ ጀምሩ። አሥር ደቂቃ መዘግየት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የመጡትን መቅጣት ነው። ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ መውጫዎቹን በእጁ ያሳይ፣ ስልክ እንዲዘጋ ይጠይቅ።

ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ትበርዳለች። ጋቢ ይዘው እንዲመጡ ትኬቱ ላይ ጻፉ። ከሰል ግን በምንም ምክንያት አዳራሽ ውስጥ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል፤ መስኮት ተጋርዶ በር በተገጠመበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ የሚል ሰው ካለ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

## ደረጃ 9፦ ገንዘቡና ርክክቡ

ትኬቱ ቁጥር ይኑረው። በር ላይ የሚቆርጠውና ገንዘብ የሚቀበለው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። በዚያው ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሦስት ሰው ባለበት ይቆጠር፤ ሦስቱም ይፈርሙ። በነፃ የገባ ሰው ስሙ ይመዝገብ። መጀመሪያ ኪራይና መብራት፣ ቀጥሎ የተዋሳችሁት ዕቃ ጉዳት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ተውኔት መነሻ። ለአባላት የሚከፈል ነገር ካለ ስንት እንደሆነ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይፈረም። ከትርዒቱ በኋላ የሚነሳ የገንዘብ ጥያቄ ጓደኛ ያለያያል።

ከዚያ አፍርሱ። በዚያው ምሽት ብሎኖቹ ይፈቱ፣ ፍሬሞቹ በግድግዳው ጥግ ይደርደሩ፣ ባናዎቹ ይራገፉና ባለቤት ባለቤታቸው ጋ ይሂዱ፤ ጨርቁ ከጥቅሱ ላይ ይነሳ። በማግስቱ ባለቤቱን ጥሩና አዳራሹን አብራችሁ ዞራችሁ እዩ። የተሰበረ ካለ እናንተው ቀድማችሁ አሳዩ፤ መቼ እንደሚጠገን ቀኑን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት የሚቀጥለውን ትርዒት ቀን አስይዙ።